ሳይረን ከጮኸ በር ይከፈታል

ልብስ ሰፊዋን ድምፅ የላትም ይሏታል። ድምፅስ አላት፤ ግን ከጉሮሮዋ ተነስቶ ከንፈሯ ጋ ሲደርስ የሚሸማቀቅ ድምፅ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው "መቼ ይደርስልኛል?" ብሎ ሲጠይቃት መልሷን ለመስማት ጎንበስ ማለት አለበት። "ምን አልሽ፣ እህቴ?" ይላል። ደግማ ትናገራለች፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያንሳል። "እሷ ዝም ብላ ማሽኗ ነው የሚያወራላት" እያሉ ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። አይከፋትም። እውነት ነዋ።

አላገባችም፣ አልወለደችም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። አንዱ ክፍል ማሽኑና ካውያው ያለበት ነው፣ ሌላው መኝታቸው። ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሚስትና ልጆች አሉት፤ ሲመጣ እንደ ነፋስ መጥቶ እንደ ነፋስ ይሄዳል።

አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ በር ጠብቀው ጡረታ ወጡ። ሠራተኛው "ጋሽ ፍተሻ" ነበር የሚላቸው። ሰው ከፋብሪካው ሲወጣ እጁን ዘርግቶ ፊታቸው ይቆማል፤ እሳቸው ከብብቱ እስከ ካልሲው ይዳብሱታል። የክር ጥቅልል ቢሆን፣ ቁራጭ ጨርቅ ቢሆን፣ የድርጅቱ ማኅተም ያረፈበት ነገር በእሳቸው በር አያልፍም። ፈረቃቸውን ሲጨርሱ ደግሞ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው በሚተካቸው ዘበኛ ይፈተሻሉ። "ፈትሸኝ፣ ምንም አልያዝኩም" ይላሉ ፈገግ ብለው። ልጃቸው የምሳ ዕቃ ይዛ በሄደች ቁጥር ይህን ታይ ነበር።

ከፍተሻው የሚበልጥባቸው ነገር ቢኖር ሳይረኑ ነው። ሳይረን ሲጮኽ በሩን ወለል አድርገው ይከፍታሉ፣ ፊሽካቸውን ይነፋሉ፣ "በተራ! በተራ!" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ዝጋ ቢሏቸው የሚሰሙ ሰው አይደሉም። አንድ ቀን፣ ሰፊዋ ገና ሕፃን ሳለች፣ በሩ ፊት ለፊት አንድ የጭነት መኪና የኋሊት እየመጣ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከፎቅ ላይ "አትክፈት! ቆይ እንጂ!" እያለ ጮኸ። ሳይረኑ ግን ጮኋል። ከፈቱ። ሰው እንደ ውሃ ፈሰሰ። የአንዲት ፈታይ እግር ጎማው ሥር ገባ። በኋላ ሲጠየቁ የመለሱት ይህንኑ ነው፤ "ሳይረን ከጮኸ በር ይከፈታል።" ደንቡም እንደዚያው ስለሚል የነካቸው የለም። ሕፃኗ ግን የምሳ ዕቃውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ያ ጩኸት፣ የሳይረኑም የሴትዮዋም፣ ከጆሮዋ ወጥቶ አያውቅም።

ፋብሪካው ከተዘጋ ቆየ። አባቷም መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋቸው፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ቀጥሎ የሚስታቸው መሞት። ያልረሱት በራቸውን ነው። ግቢው በር ላይ ቆመው የልጃቸውን ደንበኞች ይፈትሹ ጀመር።

"ጋሼ፣ ኧረ እዚያ ጋ ይኮረኩረኛል!" ትላለች አንዷ እየሳቀች።

"የሚኮረኩረው የደበቀ ነው" ይላሉ እሳቸው ኮስተር ብለው።

እስከዚያ ድረስ ሳቅ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሰፊዋ ካውያውን ሰክታ ስትተኩስ፣ አባቷ በሩን ከውጭ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። "ከፈረቃ በፊት የሚወጣ የለም" ሲሉ ሰማቻቸው፤ ከዚያ የእግራቸው ኮቴ ራቀ። ወደ ዋናው መንገድ፣ መኪና ወደሚከንፍበት። ተደናግጣ በሩን ስትታገል ካውያው የሰው ቀሚስ ላይ እንደተኛ ቀረ። ዞር ስትል ክፍሉ በጭስ ታፍኗል። ጎረቤት የሚቃጠል ጨርቅ ሸትቶት ነው በሩን ገንጥሎ ያወጣት።

"ለምን አልጮኽሽም፣ አንቺ ሴት?" አሏት።

"ጮኼ ነበር" አለች።

በዚያው ምሽት ወንድሟ መጣ። አባቷን ሰው ከመንገድ መልሷቸዋል፤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስራሉ፣ ይፈታሉ።

"በቃ" አለ ወንድሟ። "ተቃጥለሽ ልትሞቺ ነበር። አሁን የሚጠብቃቸው ቤት እንፈልጋለን።"

የፈለጉት አልቀናቸውም። የአረጋውያን መኖሪያዎቹ "እየወጣ የሚሄድ ሰው አንይዝም" እያሉ መለሷቸው። በመጨረሻ ከከተማው ዳር ያለ አንድ ቤት ለሙከራ እሺ አለ። የቤቱ ኃላፊ፣ ሁሉም "ሲስተር" የሚሏት ረጅም ሴት፣ ቅድመ ሁኔታዋን ቁርጥ አድርጋ ነገረቻቸው። "አንድ ቀን ከግቢ ከወጡ መጥታችሁ ትወስዷቸዋላችሁ። እኔ የሰው ነፍስ ነው የያዝኩት።"

ግን አባታቸው አልሄድም አሉ። የግቢውን በር እንጨት አቅፈው "ተረኛ ነኝ፣ ጥዬ አልሄድም" ብለው ሙጭጭ። ያን ጊዜ ነው ወንድሟ ዘዴ የዘየደው።

"አባባ፣ ከፋብሪካው ጠርተውሃል እኮ። ያለአንተ በሩ ተዝረክርኳል አሉ።"

ሽማግሌው ቀና አሉ። "ማን አለ?"

"ሥራ አስኪያጁ።"

"መቼም ያለኔ አይሆንላቸውም" አሉ፤ እጃቸው ከእንጨቱ ለቀቀ።

ሰፊዋ የድሮውን የዘበኛ ካፖርት ከሳጥን አወጣች። ብል የበላውን ደረበች፣ የወለቀ ቁልፍ ተከለች፣ ተኮሰች። አባቷ ካፖርቱን ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ራሳቸው መኪና ውስጥ ገቡ።

ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ረጅም በረንዳ ያለው ነው። በረኪናና የተቀቀለ ድንች ይሸታል። አዛውንቶቹ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ይቀመጣሉ። ግቢው ትልቅ ሰማያዊ የብረት በር አለው። ጋሽ ፍተሻ ከመኪና እንደወረዱ በሩን ከላይ እስከ ታች ቃኙት፣ ማጠፊያውን ዳበሱት፣ "ዘይት ያንሰዋል" አሉና እዚያው ቆሙ። ቆሙ ማለት ቆሙ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምግብና ለእንቅልፍ ካልሆነ አይለቁትም።

ሲስተር ደስ አላት። "በዚህ ሙቀት ካፖርት? ይሁን፣ ካረጋጋቸው ይልበሱት" አለች። የቤቱ ዘበኛ ደግሞ ከሷ በላይ ተደሰተ። ወሬ የሚወድ፣ ስልኩን ከጆሮው የማይነጥል ጎልማሳ ነው። "አባት፣ እርስዎ መጥተው እኔ ሰው ሆንኩ" እያለ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

ሰፊዋ በየሳምንቱ ትመጣለች። አንድ ቀን ሲስተር "ልብስ ሰፊ ነሽ አይደል? አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አለቻት። በየአዛውንቱ የልብስ አንገትጌ ውስጥ የሚሰፋ ትንሽ ጨርቅ ነው፤ የቤቱ ማኅተምና የስልክ ቁጥሩ ያለበት። ሰው ቢጠፋ ያገኘው እንዲደውል። ሰፊዋ ሳትናገር የምትጠቅምበት ነገር በማግኘቷ ፊቷ በራ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም በእጇ ሰፋች፤ ስፌቷ ደቃቅ፣ ጠንካራ፣ በቀላሉ የማይተረተር።

ከአዛውንቶቹ ሁሉ የምታሳዝናት ባለፌስታሏ ነበረች። ሚጢጢዬ ባልቴት ናት። የውስጥ ልብሷንና ማበጠሪያዋን በፌስታል ቋጥራ በየቀኑ በሩ ጋ ትመጣለች። "ልጄ መጥቷል፣ ክፈቱልኝ" ትላለች። ልጇ መጥቶ አያውቅም።

"ፈረቃሽ አላለቀም" ይሏታል ጋሽ ፍተሻ።

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ሳይረን ሲጮኽ።"

"እሺ የኔ ጌታ" ትልና ትመለሳለች። ነገ ደግማ ትመጣለች።

ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ስቃ ነበር። ሳቋ አፏ ላይ የደረቀው ከግቢው ስትወጣ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ሲገነባ የከረመ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ጣሪያ ላይ፣ ሰዎች እንደ ጡሩምባ አፉን የከፈተ ነገር ምሰሶ ላይ ያስሩ ነበር።

"ወንድሜ፣ ምንድን ነው እሱ?" አለችው ከታች ገመድ የያዘውን።

"ምን አልሽ?"

ደግማ ጠየቀች።

"ሳይረን ነዋ! የጫማ ፋብሪካ ነው። ሰኞ ሥራ ይጀምራል፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል!" አለ እየሳቀ።

ክው አለች። ሕፃን ሆና የሰማችው ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ወደ ግቢው ተመለሰች። አባቷ በሩን ሲከፍቱላት ደግሞ ያየችው ሌላ ነገር ነው፤ ቁልፉ የቤቱ ዘበኛ ወገብ ላይ አልነበረም። ከካፖርታቸው ኪስ ነው ያወጡት።

"ቁልፉን ማን ሰጠህ፣ አባባ?"

"የማን ነው ታዲያ?" አሉ ተገርመው።

የሲስተር ቢሮ ደጃፍ ላይ ሄዳ ቆመች። ሲስተር መርፌ እያዘጋጀች ነበር። "ምነው፣ ፈለግሽኝ?" አለች ቀና ሳትል። የሰፊዋ አፍ ተከፈተ። ቁልፉን ብትናገር ካፖርቱን ያወልቋቸዋል፤ ካፖርቱን ካወለቁ በር ላይ መቆም የለም፤ መቆም ከሌለ መሄድ ነው፤ መሄድ ከመጣ ደግሞ የውሉ መጨረሻ። ከዚያ ያ ክፍል፣ ያ ካውያ፣ ያ ጭስ። "አይ፣ ልሰናበት ብዬ ነው" አለች።

ለወንድሟ ደወለች።

"ወንድምጋሼ፣ ሳይረን ሊተክሉ ነው።"

"የምን ሳይረን? ጮክ በይ እስቲ!"

ነገረችው። ሞተሩን ሲያጠፋ ሰማች።

"ስሚ" አለ። "አፍሽን ዝጊ። ምናልባት ነገሩ ትዝም አይላቸው። ከተናገርሽ ግን ነገ አልጋቸውን አንቺ ቤት ነው የማወርደው። እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ ሚስቴም አትችልም።"

"ሰው ቢጎዳስ?"

"አንቺ ደግሞ! ሟርተኛ።"

ስልኩን ዘጋች። ዝም ማለት ለምዶባታል።

ሰኞ መርፌዋ ሦስቴ ተሰበረ። እጅጌውን ከአንገት ጋር ገጥማ ሰፍታ ፈታችው። ከሰዓት በኋላ አላስችል ቢላት ወደ ቤቱ ደወለች፤ ያነሳችው ወጥ ቤቷ ናት።

"ሲስተር የሉም፣ ሁሉም ማዶ ሄዷል፤ ፋብሪካው እየተመረቀ ለስላሳ ይታደላል! ምን ልበልልሽ?"

አሁን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ቁልፉን ከአባቴ ውሰዱ።

"ምንም... አባቴ ደህና መሆናቸውን ልጠይቅ ብዬ ነው።"

"ኧረ ደህና ናቸው! በራቸው ላይ ናቸው።"

ስልኩን እንደዘጋች ነጠላ ጫማ እንኳ ሳትቀይር ወጣች። ታክሲው ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ሰው ያወርዳል። መስኮቱን በጣቷ ትመታለች። "ፍጠንልኝ" ብትለው ሾፌሩ አልሰማም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ሳይረኑ ጮኸ።

ረጅም ነው። አየሩን እንደ ጨርቅ ቀደደው። ሰፊዋ ከታክሲው ዘላ ወርዳ ሮጠች።

ሰማያዊው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሽ ፍተሻ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ፊሽካቸው አፋቸው ውስጥ፣ መሀል ቆመዋል። አዛውንቶቹ ከበረንዳው ተነስተው ተሰልፈዋል። አንዱ በከዘራ፣ አንዱ በሰው ትከሻ፣ አንዷ በባዶ እግሯ። "በተራ! በተራ!" ፊታቸው የቆመው ሽማግሌ እጁን ዘርግቷል፣ ይዳበሳል። ከጀርባቸው፣ ከሁለት ክንድ በማይርቅ፣ መኪናው ይከንፋል። ከማዶ የአዲሱ ፋብሪካ ሠራተኛ መንገዱን ሞልቶ ሰርቪስ አውቶቡሶቹ ላይ እየተሳፈረ ነው። የቤቱ ዘበኛ እዚያ መሀል ጠርሙስ ይዞ ይስቃል።

"አባባ! ዝጋው!"

"ቆሚ! መታወቂያ!" አሏት። አላወቋትም።

"አባባ፣ እኔ ነኝ፣ በሞቴ ዝጋው!"

"ሳይረን ጮኋል፣ እመቤት። ዞር በይ፣ ሰው ላስወጣ።"

የተፈተሸው ሽማግሌ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳረፈ። አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን እያንባረቀ አለፈው። ያን ጊዜ ከሰፊዋ ሆድ፣ ከየት እንደመጣ እሷም በማታውቀው ቦታ፣ አንድ ድምፅ ወጣ።

"ፈረቃው ተራዝሟል! ኦቨርታይም ነው! የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ነው፣ ሁሉም ወደ ማሽኑ! በሩ ይዘጋ!"

ጋሽ ፍተሻ ቀጥ አሉ። ፊሽካቸውን ነፉ። ሽማግሌውን በክንዱ ይዘው መለሱት፣ ብረቱን ገጥመው ቆለፉት።

"ኦቨርታይም? ደግሞ ዛሬ?" አለ ባለከዘራው።

"እነሱ መች ይጠግባሉ!" አለች ባዶ እግሯን የሆነችው፤ እያጉረመረሙ ወደ በረንዳው ተመለሱ።

ሰፊዋ በሩን ተደግፋ ተንፈራጠጠች። "ስንት ሰው ወጣ?" አለች።

"አንድ" አሉ አባቷ። "ባለፌስታሏ። መጀመሪያ የተሰለፈች እሷ ናት። ፈትሻታለሁ፤ አሁን ንጹህ ናት።"

ሲስተርና ሌሎቹ እየሮጡ መጡ። መንገዱን አሰሱት፣ ቦዩን አሰሱት። የቤቱ ዘበኛ ጠርሙሱን እንደያዘ ፊቱ አመድ መሰለ። "ፌስታል የያዘች ትንሽ ሴትዮ ከሠራተኞቹ ጋር አውቶቡስ ስትገባ አይቻለሁ፤ የነሱ እንግዳ መስላኝ!" አለ። አውቶቡሶቹ ሄደዋል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ገጠሩ። ሾፌሮቹ የኪራይ ናቸው፤ ፋብሪካው ስልካቸውን ገና አልያዘም።

"እንረጋጋ" አለች ሲስተር። "ቁጥራችን አንገትጌዋ ውስጥ ተሰፍቷል። ያገኛት ሰው ይደውላል። ሁላችንም ከስልኩ እንዳንርቅ።"

ቢሮው ውስጥ ስልኩን ከበው ተቀመጡ። ፀሐይዋ ጠለቀች። ደመና አንዣብቦ ነበር፣ ነፋሱም መቀዝቀዝ ጀመረ። የሰፊዋ ወንድም ተደውሎለት ደርሶ ኮሪደሩ ላይ በክርኗ ያዛት። "እስካሁን ማን ቁልፉን እንደያዘ የጠየቀ የለም፤ ዘበኛው ላይ ነው የጮኹት። ትንፍሽ እንዳትይ" አለ በሹክሹክታ። "እሳቸውን አስገቢና አስተኚ።"

አባቷ አሁንም በሩ ጋ ነበሩ። ሲያዩዋት ፈገግ አሉ።

"ተተኪዬ አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ አባባ። እኔ ነኝ።"

እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ። "ፈትሽኝ፣ ምንም አልያዝኩም።"

ፈተሸቻቸው። ምን ታድርግ? ከካፖርቱ ሥር ጎድናቸው እንደ ወፍ ጎጆ ሳስቷል። ቁልፉን አወጣች። ሁለተኛው ኪስ ውስጥ ጣቷ ለስላሳ ነገር ነካ። አወጣችው። ትንሽ ጨርቅ ነው፤ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ዳርና ዳሩ ላይ የራሷ ደቃቅ ስፌት ተቆርጦ ተንጨፍርሯል።

"ይሄ ምንድን ነው፣ አባባ?"

"እሱማ የድርጅቱ ንብረት ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አንገቷ ውስጥ ሸሽጋ ልታወጣው ስትል ያዝኩባት። አልቅሳ ለመነችኝ፣ እሷን ለቀቅኳት፤ ንብረቱን ግን አስቀረሁ። የሰፋው ሰው ጎበዝ ነው፣ በጥርሴ ነው የበጠስኩት።"

ነፋሱ በሩን አንኳኳው። ሰፊዋ ጨርቁን ጨበጠችው። እጇ ውስጥ ከአዝራር አይበልጥም፤ ማታ ቤቷ ካውያው ሥር ብታስገባው ተቃጥሎ ለመጥፋት አንድ አፍታ አይፈጅበትም። ከመስኮቱ ወዲያ ሲስተር ስልኩን ዓይን ዓይኑን እያየች ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ደግሞ የሆነ ቦታ፣ የሆነ የማይታወቅ ሰፈር የመጨረሻ ፌርማታ ላይ፣ ልጇን ትጠብቃለች፤ ማን ናት ቢሉ የሚነግር ምንም ነገር ላይዋ ላይ የለም።

አባቷን ደግፋ በረንዳው ላይ አስቀመጠች። ካፖርቱን አወለቀች፤ እንደ ሕፃን እጃቸውን እያወጡ ረዷት። ከዚያ ወንድሟን አልፋ፣ "ወዴት ነው?" ሲላት ሳትመልስ፣ ቢሮው በር ላይ ቆመች። ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ጨርቁንና ቁልፉን ከላዩ ላይ አደረገች።

"ስልኩን አትጠብቁ" አለች። ጎንበስ ያለ ሰው አልነበረም፤ ድምፅዋ በረንዳው ድረስ ተሰማ። "አይደወልም። ተነሱ፣ በየአውቶቡሱ መንገድ እንሂድ። ሌላውን እየሄድን እነግራችኋለሁ።"